አንድ ነጥብ

ሁለት ነጥብ፣ ድሮ፣ ቃል ከቃል ይለያል፤
አራት ነጥብ ሲሆን ነገሩ ያበቃል።
አንዷ ነጥብ ብቻዋን ምን ማለት ትሆናለች?
ስልኬ ውስጥ፣ ካርታ ላይ፣ አባቴን ሆናለች።

ኢታማር ነው የገዛት፣ ታናሽ ወንድሜ፤
የካፖርት ቁልፍ ታህላለች፣ ነጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ።
«ብሉቱዝ ነው» አለኝ፣ «አባባን ፍለጋ
በሌሊት አንነሣ።»
እውነቱን ነው፤ ሁለቴ ጠፍቶብን ነበር፣
አንዴ አሽዶድ ጣቢያ፣ አንዴ ከክሊኒኩ ጓሮ።
ፈርተናል። ተኝቶ ሳለ፣ በምላጭ ሰንጥቄ፣
የግራ ጫማውን ገበር አስለቅቄ፣
ከተረከዙ ሥር ቀበርኳት፣ በሙጫ አጣብቄ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየቀኑ ተነበበ፦
ጸሎት ቤት። መድኃኒት ቤት። የአዛውንት ክበብ።
ከአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ሰዓት ሙሉ።
እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት መሣሪያ እያጠብኩ
በእርጥብ ጣት ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ።
ማታ «የት ዋልክ?» ስለው፣ «የትም» ይለኛል፤
የትም አለመሆኑን ስልኬ ነግሮኛል።
የማውቀውን መጠየቅ ለመድኩ።
ሲዋሽ እያየሁት እራቱን አቀርባለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ግን፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ነጥቧ ትወርዳለች፣ እዚሁ አስቀሎና፣
ደሊላ ወደሚሉት የባሕር ዳርቻ፤
አንድ ሰዓት ከአርባ ትቆማለች ብቻ።
ደሊላ! ስሙን ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ።
«ኃይልህ በምን እንደ ሆነ ንገረኝ» ያለችው ሴት
ሶምሶንን ቢያንስ ጠይቃዋለች።

ተከተልኩት። አሸዋው ይቀዘቅዛል።
ጫማው ጎን ለጎን፣ ካልሲው ውስጡ ታጥፎ፣
ከዘራው ተጋድሞ፣ ኮፍያው ላዩ ላይ አርፎ፤
አባቴ የለም።
ስልኬ ግን በእርጋታ፦ «እዚህ ነው። ሦስት እርምጃ።»
ሦስቱን ተራመድኩ። ጫማ።
ጮህኩ። በሕይወቴ ጠርቼው የማላውቀውን ስሙን፣
«አዛናው!» እያልኩ ጮህኩ።

ከማዕበሉ ማዶ አንድ ጥቁር ነጥብ፣
ብቅ፣ ጥልቅ፤ ከዚያ ክንድ፤ ከዚያ ሌላው ክንድ።
ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ በመርፌ ነው የሚሄደው፤
ይዋኛል።
ማን አስተማረው? መቼ?
ካርታው ላይ አልተጻፈም።

ወጣ። ውሃው ከጢሙ ይንጠባጠባል።
ስልኬን አየ፣ ጫማውን አየ፣
«ጠበቅሽልኝ?» አለ። «ተባረኪ።»
ቁጭ ብሎ አሸዋውን ከጣቶቹ መሃል እያራገፈ፣
«ከፋሲካ ወዲህ ግራ እግሬን ይቆረቁረኛል፤
ጠጠር ነው ብዬ ነበር፣ ጠጠር ቢሆን ይወጣል።
ልጄ፣ እኔ አንቺን አዝዬ በሌሊት ስመጣ
ዱካዬን በቅጠል እየጠረግሁ ነው።»
ሌላ አልጨመረም። አውቶቡስ ውስጥ
ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፣ ጨው ጨው እየሸተተ።

በዚያው ማታ ስልኬ ላይ አዲስ ነገር ስጭን፣
«ያሉበትን ልወቅ?» አለኝ በትሕትና፣
«ሁልጊዜ? አንዴ ብቻ? ወይስ በፍጹም?»
እኔን እንኳ ይጠይቁኛል።

ነጥቧን አላወጣኋትም። አውጪ አላለኝም።
በተከታዩ ሐሙስ ከጎህ በፊት ነቃሁ፤
ነጥቧ ከበሩ ሥር፣ በግራው ጫማ ውስጥ ተኝታለች።
የፕላስቲክ ነጠላ ጫማው የለም።
ቢሰጥምስ? ካፖርቴን አነሣሁ። ቆምኩ።
መልሼ ሰቀልኩት።

ኢታማር ደወለ፦ «አባባ የት ነው?»
«ቤት» አልኩት፤
ካርታውም መሰከረልኝ